ከነምክንያቱ የመጣ እምቢታ

አክስቴ አዳማ ውስጥ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አላት። ቤቱ ውስጥ ሁለት ኦፍሴት ማሽኖች አሉ፤ አንዱ ትልቅና ፈጣን ነው፣ ሌላው ግን ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ፣ ትንሽና ዝግተኛ ነው። ትልቁ ቶሎ ይጨርሳል፤ ነገር ግን የሚጠጣው ቀለም፣ የሚፈጀው መብራት፣ እስኪስተካከል ድረስ የሚያበላሸው ወረቀት ብዙ ስለሆነ፣ ጊዜ እስካለ ድረስ ሥራው ትንሹ ላይ ቢወጣ ለቤቱ ይተርፋል። ጥር ሲገባ ግን ጊዜ የሚባል ነገር የለም። ከዐቢይ ጾም በፊት ለመጋባት የቸኮለው ሁሉ የጥሪ ካርዱን ይዞ ይመጣል፤ የዘወትሩ ደንበኛም የሰው ሠርግ ነው ብሎ ሥራውን አያዘገይም። የትኛው ሥራ በየትኛው ማሽን፣ በስንት ሰዓት ይግባ የሚለውን የሚወስኑት ማሽኖቹን ለብዙ ዓመታት ያንቀሳቀሱት ጋሼ ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ለአክስቴም፣ ለእኔም፣ ለተላላኪውም ልጅ ጋሼ ናቸው።

እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህንኑ ነገር ነው፤ ውስን ማሽንና ውስን ሰዓት ቢሰጠን ሥራው እንዴት ቢደለደል ይሻላል የሚለውን ጥያቄ። ስለዚህ በአንድ የጥር ወር፣ ትንሽ ኩራትም ሳይኖርበት አልቀረም፣ «ድልድሉን ለእኔ ተዉልኝ፣ በኮምፒውተር እሠራዋለሁ» አልኩ። የማወራው ከዚያ በኋላ ሁለት የስሌት ዘዴዎችን፣ በድምር እያመዛዘነ ምርጡን የሚፈልገውን ሊኒየር ፕሮግራሚንግንና በየገደቡ የማይሆነውን እየሠረዘ የሚሄደውን ኮንስትሬይንት ፕሮግራሚንግን፣ አንድ ላይ ለማሠራት ስሞክር ስለገጠመኝ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ፣ «ፕሮግራም» የሚለውን ቃል እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የምንጠቀምበት መንገድ ለዚህ ትምህርት ጥሩ መግቢያ ይመስለኛል። «ዛሬ ፕሮግራም አለኝ» የሚል ሰው ቀጠሮ ወይም ድግስ ማለቱ ነው፤ ኮምፒውተር ትዝ አይለውም። ጆርጅ ዳንትዚግ እ.ኤ.አ. በ1947 ሲምፕሌክስ የተባለውን የስሌት ዘዴ ሲያወጣ ለአሜሪካ አየር ኃይል ይሠራ ነበር፤ በዚያ ቤት ደግሞ «ፕሮግራም» ማለት የሥልጠና፣ የስምሪትና የስንቅ ዕቅድ ነበር። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፤ ከእኛ «ፕሮግራም አለኝ» ጋር የሚዛመድ ስም ነው ማለት ይቻላል። ኮንስትሬይንት ፕሮግራሚንግ ግን ከእውነተኛው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽሑፍ የመጣ ነው፤ በሎጂክ ላይ ከቆመው ከፕሮሎግ ቋንቋ ቤተሰብ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ራሱን ችሏል። ስማቸው ቢመሳሰልም የተለያየ ቤት ልጆች ናቸው፤ የአስተሳሰባቸው ልዩነትም ከዚሁ ይጀምራል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ቁጥሮቹን ለጽሑፍ እንዲመቹ አቅልያቸዋለሁ፤ ታሪኩ ግን ያው ነው። የሥራው ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት፣ ማለትም 11 ሰዓት ነው እንበል። አምስት ሥራዎች አሉ። የሠርግ ጥሪ ካርድ ትንሹ ማሽን ላይ 4 ሰዓት ይፈጃል፤ ትልቁ ላይ በመሆን ፈንታ እዚያ ቢታተም 600 ብር ይተርፋል። የቀሩት አራቱ እያንዳንዳቸው 3 ሰዓት ይፈጃሉ፤ የክሊኒክ ካርዱ 500፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንቡ 400፣ የምግብ ቤቱ ሜኑ 350፣ የማር ዕቃ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት 300 ብር ያስተርፋሉ። ለትልቁ ማሽን የትኛውም ሥራ አይከብደውም። ሰዓትን በሚመለከት ሁለት ሥራዎች ብቻ ናቸው አስቸጋሪዎቹ። የጥሪ ካርዱ ወረቀት ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ መጥቶ የሚደርሰው 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ካርዱ ደግሞ ወደ አሰላ በሚሄደው መኪና እንዲላክ 8 ሰዓት ላይ ማለቅ አለበት። የክሊኒኩ ካርድ ከ4 ሰዓት በፊት አይጀመርም፣ ከ9 ሰዓትም ማለፍ የለበትም። ሌሎቹ በቀኑ ውስጥ ይለቁ እንጂ ሰዓት አይመርጡም።

ይህን ለሊኒየር ፕሮግራሚንግ ስንሰጠው የሚያየው አንድ ኪስ ነው፤ 11 ሰዓት የሚይዝ ኪስ። እያንዳንዱ ሥራ በሰዓት ስንት ብር እንደሚያስተርፍ ያመዛዝንና የክሊኒኩን ካርድ፣ የጥሪ ካርዱንና የዕድሩን ደንብ ትንሹ ላይ ያደርጋል፤ በቀረችው አንድ ሰዓት ደግሞ የሜኑውን ሲሶ ይጨምራል። ድምሩ 1,616 ብር ከ67 ሳንቲም ይሆናል። ሲሶ ሜኑ ማንም አያሳትምም፤ ሆኖም ይህ መልስ ከንቱ አይደለም። ከዚህ ቁጥር በላይ የሚያስተርፍ ድልድል በምድር ላይ እንደሌለ ይነግረናል፤ ጣሪያ ነው። ሥራዎች ሳይሸረፉ በሙሉ ይደልደሉ ካልን ደግሞ ኤይልሳ ላንድና አሊሰን ዶይግ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ዘዴ፣ ጉዳዩን በቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየከፈልንና በጣሪያው እየታገዝን ተስፋ የሌለውን ቅርንጫፍ እንቆርጣለን። በዚህ መንገድ የሚገኘው መልስ የጥሪ ካርዱ፣ የክሊኒኩ ካርድና የዕድሩ ደንብ ትንሹ ላይ፣ የቀሩት ትልቁ ላይ የሚል ነው፤ 1,500 ብር ይተርፋል፣ 10 ሰዓት ይፈጃል፣ ኪሱም ይበቃል።

ይበቃል ስንል ግን በድምር ነው። የቱ ይቅደም፣ የቱ ይከተል የሚለውን ስሌቱ አልጠየቀም። መጠየቅ ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ጥንድ «ይህ ይቀድማል ወይስ ያ» የሚል የዜሮና የአንድ ምርጫ ማስገባት ነው። አርባ ሥራ ካለ 780 ጥንድ ይኖራል፣ ያውም ለአንድ ማሽን። ከብዛቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ቁርስራሽ ስለማይከፋው ለእያንዳንዱ ጥንድ «ግማሽ ይቅደም፣ ግማሽ ይከተል» ብሎ ይመልሳል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ማሽን ላይ በአንድ ሰዓት ቢታተሙ እንኳ ሒሳቡ ቅር አይለውም። ቅደም ተከተል በድምር የማይያዝ ነገር ነው።

ኮንስትሬይንት ፕሮግራሚንግ ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ ሊጀምርባቸው የሚችሉትን ሰዓታት ይዘረዝራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ገደብ ከዝርዝሩ ላይ የማይሆነውን ይሠርዛል፤ የአንዱ መሠረዝ ለሌላው ገደብ ዜና ሆኖ እንደገና ያሠርዛል፤ አዲስ ዜና እስኪያልቅ ድረስ ይቀጥላል። በእኛ ምሳሌ የጥሪ ካርዱንና የክሊኒኩን ካርድ አንድ ላይ ሲያይ እንዲህ ያስባል፦ ከሁለቱ ማንኛቸውም ከ3 ሰዓት በፊት አይጀመሩም፣ ማንኛቸውም ከ9 ሰዓት አያልፉም፤ በመካከሉ ያለው 6 ሰዓት ነው፤ ሁለቱ የሚፈልጉት 7 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ አይሆንም። ቅደም ተከተሉን አንድ በአንድ መሞከር እንኳ አላስፈለገውም። እንዲህ ያለው የጊዜ መስኮትን የሚለካ አስተሳሰብ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የታየው በአንድ ታዋቂ ጥያቄ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የቀረበ፣ አሥር ሥራዎችን በአሥር ማሽኖች ላይ የማሰለፍ ጥያቄ ለሃያ ስድስት ዓመት ማንም ምርጡን መልስ ሳያረጋግጥለት ቆይቶ፣ ካርሊየርና ፒንሰን የተባሉ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1989 ፈቱት። የተጠቀሙበት ዘዴ በኋላ ወደ ኮንስትሬይንት ፕሮግራሚንግ ገብቶ ዋና መሣሪያ ሆኗል።

ታዲያ ይህ ብልህ መሣሪያ ብርን በሚመለከት ሕፃን ነው። ትንሹ ማሽን ላይ ቢበዛ ስንት ይተርፋል ብትሉት፣ እያንዳንዱን ሥራ ለብቻው አይቶ «ይህም ሊሆን ይችላል፣ ያም ሊሆን ይችላል» እያለ አምስቱን ሁሉ ይደምርና 2,150 ብር ይላችኋል። አምስቱ አብረው 16 ሰዓት እንደሚፈልጉ ያውቃል፤ ግን ያን ዕውቀት ከብሩ ድምር ጋር አያገናኘውም፣ ምክንያቱም ሰዓቱ አንድ ገደብ ነው፣ ብሩ ሌላ ገደብ ነው፣ የሚነጋገሩትም በዝርዝሩ በኩል ብቻ ነው። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ 1,616 ያለው ሁሉንም ገደብ በአንድ ጊዜ ስላየ ነው።

ሁለቱን ለማጋባት የቀረበው ሐሳብ መነሻው ዣክ ቤንደርስ የተባለው ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው ዘዴ ነው፤ ችግሩን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱ ክፍል ሐሳብ ያቀርባል፣ ሌላው ይመረምራል፣ ስሕተት ካገኘም አዲስ ገደብ ጽፎ ይመልሳል። በቤንደርስ ዘመን መርማሪው ራሱ ሊኒየር ፕሮግራም መሆን ነበረበት። ጆን ሁከር የተባለ ተመራማሪ በኋላ ይህን ሰፋ አድርጎ፣ መርማሪው ምንም ዓይነት ቢሆን እምቢ ያለበትን ምክንያት እስካስረዳ ድረስ ዘዴው እንደሚሠራ አሳየ። ጄይንና ግሮስማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ልክ እንደ አክስቴ ቤት ያለውን ጥያቄ ወስደው፣ የመጀመሪያ ሰዓትና የመጨረሻ ሰዓት ያላቸውን ሥራዎች ዋጋቸው በሚለያይ ማሽኖች ላይ ሲደለድሉ፣ ድልድሉን ለኢንቲጀር ፕሮግራሚንግ (ሥራ ሳይሸረፍ በሙሉ ለሚደለድለው ዓይነት)፣ ሰልፉን ለኮንስትሬይንት ፕሮግራሚንግ ሰጥተው፣ አንዱ ብቻውን ከሚወስደው ጊዜ እጅግ ባነሰ ጊዜ መፍታት እንደሚቻል አሳዩ።

እኔም ይህን አንብቤ፣ ገባኝ ብዬ ጻፍኩት። ሐሳብ የሚያቀርበው ክፍል፣ እኔ ደላላ የምለው፣ ሦስት ሥራ ያቀርባል፤ መርማሪው «እነዚህ ሦስቱ አብረው አይሆኑም» ብሎ ይመልሳል፤ ደላላው ያንን ጽፎ ሌላ ያቀርባል። በአምስት ሥራ ሲሞከር በቅጽበት አለቀ። የሳምንቱን ትዕዛዝ በሙሉ፣ ሠላሳ ስምንት ሥራ፣ ስሰጠው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ፤ ጠዋት መጥቼ ሳየው አሁንም ይሠራል። ከረፋዱ ላይ መብራት ጠፋና ገላገለኝ።

የሆነውን በትንሹ ምሳሌ ላይ ማየት ይቻላል። መርማሪው «የጥሪ ካርዱ፣ የክሊኒኩና የዕድሩ አብረው አይሆኑም» ሲል፣ ደላላው ታዛዥ ነውና የዕድሩን አውጥቶ ሜኑውን ይተካል፤ 1,450 ብር። እርሱም እምቢ ይባላል። ሜኑውን አውጥቶ የማሩን ወረቀት ይተካል፤ 1,400 ብር። እርሱም እምቢ ይባላል። በአራተኛው ብቻ የጥሪ ካርዱን፣ የዕድሩንና ሜኑውን አቅርቦ ያልፋል፤ 1,350 ብር። በመካከል የተለዋወጡት ሥራዎች ሁሉ ንጹሐን ነበሩ፤ ጥፋተኞቹ ሁለቱ ካርዶች ግን ሳይነኩ እየተመላለሱ ነበር። አምስት ሥራ ሲሆን ሦስት እምቢታ ይበቃል፤ ሠላሳ ስምንት ሲሆን ንጹሐኑ የሚለዋወጡበት መንገድ አያልቅም።

መብራቱ እስኪመጣ ከጋሼ ጋር ደጅ ተቀምጠን ነበር። አቧራውን እየገፋ በሚነፍሰው የአዳማ ነፋስ ወረቀቴ እንዳይሄድብኝ በጉልበቴ ይዤ፣ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ያቀረበውን ድልድል አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሦስቱ ትንሹ ላይ ይገባሉ?»

መነጽራቸውን እንኳ አላወጡም። «የዕድሩን ተይው፤ እሱ ማታም ይታተማል። የማይገናኙት ጥሪ ካርዱና የክሊኒኩ ናቸው።»

እኔ ስለ ሦስት ጠየቅኋቸው፤ እርሳቸው ስለ ሁለት መለሱልኝ። ሁከር ደጋግሞ የጻፈው ይህንኑ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የእምቢታ ጉልበቱ እምቢ ባሰኙት ነገሮች ማነስ ነው፤ ምክንያቱ ባጠረ ቁጥር የሚያስወግደው ሐሳብ ይበዛል። ሥራው ከባድ አልነበረም። መርማሪው እምቢ ሲል ከቀረቡት ሥራዎች አንዱን አውጥቶ እንደገና መጠየቅ ነው፦ የዕድሩ ቢወጣስ? አሁንም አይሆንም፤ እንግዲያው የዕድሩ ነገሩ ውስጥ የለበትም፣ ይውጣ። የክሊኒኩ ቢወጣስ? ይሆናል፤ እንግዲያው ከጥፋቱ ድርሻ አለው፣ ይቆይ። የጥሪ ካርዱ ቢወጣስ? ይሆናል፤ እርሱም ይቆይ። ለትላልቅ ዝርዝሮች ኡልሪሽ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው፣ ዝርዝሩን በግማሽ በግማሽ እየከፈለ የሚፈትሽ ዘዴ አለ፤ ለማተሚያ ቤት ግን አንድ በአንድ ማውጣቱ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ደላላው የሚሄደው መልእክት «ሁለቱ ካርዶች ትንሹ ላይ አብረው አይሁኑ» የሚል ብቻ ሆነ፤ በአንዲት እምቢታ በቀጥታ 1,350 ብሩ ላይ ተደረሰ።

ልዩነቱ በእምቢታ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ጣሪያውም ይናገራል። የመጀመሪያው ጣሪያ 1,616 ብር ከ67 ሳንቲም ነበር። ረጅሙን እምቢታ ስንጨምርበት ወደ 1,550 ይወርዳል፤ አጭሩን ስንጨምርበት ወደ 1,450። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን እኔ በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም መልእክቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሄዳል። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ መልሱን ሲሰጥ ከእያንዳንዱ ሥራ ጋር አንድ ዋጋ አብሮ ይሰጣል፤ ያንን ሥራ ከቦታው ብናነሣው ጣሪያው ቢያንስ ስንት ብር እንደሚወርድ የሚነግር ዋጋ። የዕድሩ ደንብ ዋጋ 100 ብር ነው። ስለዚህ የዕድሩን ከትንሹ ማሽን ካነሣነው ጣሪያው ወደ 1,350 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ 1,350 ደግሞ በእጃችን ያለ ነው። እንግዲህ የተሻለ መልስ ካለ፣ የዕድሩ ደንብ ትንሹ ላይ ያለበት መልስ ብቻ ነው፤ «ትልቁ» የሚለው አማራጭ ከዝርዝሩ ላይ ይሠረዛል። ያ መሠረዝ ለኮንስትሬይንት ፕሮግራሚንግ ዜና ነው፤ ሌላም ያሠርዝበታል። ብር የማያውቀው በብር ምክንያት መሠረዝ ቻለ ማለት ነው። ፎካቺ፣ ሎዲና ሚላኖ የተባሉ ጣሊያናውያን እ.ኤ.አ. በ1999 ይህን በሥርዓት ጽፈውታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። ሰልፉን ለመርማሪው ሰጥተናል ተብሎ ደላላው ስለ ሰዓት ምንም እንዳያውቅ ማድረግ አይገባም። የ11 ሰዓቷን ኪስ ከደላላው ብናወጣ፣ የመጀመሪያ ሐሳቡ አምስቱንም ትንሹ ላይ መጫን ይሆናል፤ ከዚያ በእምቢታ ብዛት ኪሱን ከዜሮ ጀምሮ ለማስተማር እንገደዳለን። መርማሪው የሚያውቀውን ቀለል አድርጎ አስቀድሞ ለደላላው መንገር ግማሽ ሥራ ነው።

በሌላ በኩል የሁለቱ ዘዴዎች ጋብቻ የማያስፈልግበት ቦታ ብዙ ነው። ጤፍ ከየመጋዘኑ ወደ የከተማው የሚላክበትን ወጪ ለማሳነስ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ብቻውን ይበቃል። ዋጋ የሌለበትን የፈተና መርሐ ግብር፣ ማንም ተማሪ በአንድ ሰዓት ሁለት ፈተና እንዳይደርሰው ብቻ ለማድረግ፣ ኮንስትሬይንት ፕሮግራሚንግ ብቻውን ይበቃል። ዛሬ ደግሞ የሁለቱን ጋብቻ በእጅ መጻፍም ግድ አይደለም፤ ጉግል በነጻ የለቀቀው ኦር-ቱልስ ውስጥ ያለው ሲፒ-ሳት ገደቦቹን ያሰራጫል፣ ከእምቢታ ይማራል፣ በውስጡም ሊኒየር ፕሮግራሚንግን እያማከረ ይሠራል። ብዙ ሌሊት የለፋሁበትን ነገር ለእርሱ ብሰጠው ሻይ እስኪቀርብልኝ ድረስ አልጠበቀኝም። አልዋሽም፣ ትንሽ ከፋኝ።

ሆኖም የራሴን ፕሮግራም አልጣልኩትም፤ አክስቴ ከልክላኛለች። ምክንያቷ ፍጥነት አይደለም። መርማሪው የሚጽፈውን እምቢታ በአማርኛ እንዲያወጣ አድርጌው ነበር፤ አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ «የጥሪ ካርዱና የክሊኒኩ ካርድ ትንሹ ላይ አይገናኙም፤ ከ3 እስከ 9 ያለው 6 ሰዓት ነው፣ ሁለቱ 7 ይፈልጋሉ» የሚለውን አንብባ ዝም አለች። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ የጎደለው አንድ ሰዓት ብቻ ነው እኮ» ብላ ስልኳን አነሣች። ክሊኒኩ ካርዱን በ9 ሰዓት ፋንታ በ10 ሰዓት ቢቀበል ቅር እንደሚለው ጠየቀች፤ ቅር እንደማይለው ነገሯት። የጥሪ ካርዱ ከ3 እስከ 7፣ የክሊኒኩ ከ7 እስከ 10፣ የዕድሩ ከ10 እስከ ማታ 1 ሆነ፤ 1,350 የነበረው ወደ 1,500 ብር ተመለሰ። ጋሼም ትልቁ ማሽን አጠገብ የተደረደረውን የክሊኒኩን ወረቀት በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ ወደ ትንሹ ማሽን ወሰዱት።